በአማት ፊት አይበላም

ባለፈው ሰኔ ሰብሳቢነቱን ለልጄ ለሰላም አስረክቤ ቤቴ ገባሁ። ሽኝት ተደግሶልኝ ነበር። ጋቢ አለበሱኝ፣ ከዞን የመጣ እንግዳም «ባለ ራዕይ መሪ» እያለ ረጅም ንግግር አደረገ። ባለቤቴ ተሬዛ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን ሳቃችንን ዋጥን። እኔ እንኳን ራዕይ፣ መነጽሬን ያስቀመጥኩበትም አይታየኝ። ሰው «የምግብ ድርጅት ሰብሳቢ» ሲባል ትልቅ ጠረጴዛና የሚሽከረከር ወንበር ይታየዋል። እኔ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ከአንድ የጣውላ በር ጀርባ ቆሜ ቅቤ ስቀምስ ነው።

አሁን ጠዋት ጠዋት በእግሬ እስከ መናኸሪያ እሄዳለሁ፣ ማኪያቶ እጠጣለሁ፣ የአዲስ አበባ አውቶቡሶች ሲጫኑ አይና እመለሳለሁ። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «አሁን ምን ትሠራለህ?» ይለኛል። «ምንም» ስል ያዝንልኛል። ሰላም በመጨረሻ፣ «አባዬ፣ ዝም ብለህ ከምትዞር የሠራኸውን ጻፈው» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩት። ካልጣማችሁ ለእሷ ንገሯት።

የተማርኩት በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ቤት ውስጥ ሀዲይኛ፣ ክፍል ውስጥ አማርኛ እያልን አደግን። መጀመሪያ የተመደብኩት ጊምቢቹ ነው፤ የሒሳብ አስተማሪ ሆኜ። ጎበዝ አስተማሪ አልነበርኩም። ልጆቹ ሳይገባቸው ሲቀር እናደዳለሁ፤ ሲናደዱብኝ ደግሞ ይባስ እናደዳለሁ። ከዚያ ዱራሜ፣ ንግድ ቢሮ ተዛወርኩ። አለቃዬ አቶ ዓለማየሁ የሚባሉ የሰሜን ሰው ነበሩ፤ ደረቅና ቀጭን። ነጋዴ ወረቀት ይዞ ሲመጣ ወረቀቱን ሳያዩ ይገፉትና «ዕቃው የት ነው?» ይላሉ። ተነስተው መጋዘን ድረስ ይሄዳሉ፤ ጆንያውን ከላይ ሳይሆን ከታች አስፈትተው በእጃቸው ይዘግናሉ። «ፊሊጶስ፣ ከላይ ያለው ለእኔና ለአንተ ተብሎ የተቀመጠ ነው» ይሉኝ ነበር። ከእሳቸው ጋር የሠራሁት ጥቂት ዓመት ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ነገር ከታች ሳላይ አምኜ አላውቅም።

ተሬዛን ያገኘኋት ዱራሜ ነው። የሆሳዕና ልጅ ናት፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርስ ነበረች። ስንጋባ ከእሷ ጋር ሌላም ነገር አገባሁ፤ እናቷን።

ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። በእኛ በኩል አማችና አማት ይፈራራሉ፤ ይከባበራሉ ብንል ይሻላል መሰለኝ። አማች በአማቱ ፊት አይበላም፣ አይጠጣም። ፊት ለፊት አይቀመጥም፣ ዓይኗን አያይም፣ ስሟን አይጠራም። እሷም እንደዚያው። የሚነጋገሩት ነገር ካለ በሦስተኛ ሰው በኩል ነው። ዛሬ በከተማው ልማዱ ላልቷል፤ ወጣቶቹ አማቶቻቸውን አቅፈው ፎቶ እየተነሱ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋሉ። አማቴ ግን የድሮ ሰው ነበሩ። አሁን በሕይወት ባይኖሩም ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም። እስካሁን ያፈረስኩት ይበቃኛል።

አማቴ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። የጀመሩት ከዊጆ ነው። ዊጆ የሴቶች የቅቤ ማኅበር ነው፤ እያንዳንዷ ከቤቷ ቅቤ ታመጣና ለአንዷ ይጠራቀምላታል፤ ቀጥሎ ለሌላዋ። የእሳቸው ዊጆ ሴቶች ከበዓል የተረፋቸውን ቅቤ ለእሳቸው መሸጥ ጀመሩ። እሳቸው ደግሞ አንጥረው፣ ኮረሪማና ኮሰረት ጨምረው፣ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ አድርገው አዲስ አበባ ላኩ። ቡላም ተጨመረ። ሥራው ሲሰፋ ከቢሮ ቢሮ የሚሄድ ሰው አስፈለጋቸው። አንድ ቀን ለጥየቃ ሄደን ግቢው ውስጥ ቆሜያለሁ፤ እሳቸው በረንዳው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ለተሬዛ፣

«ለባለቤትሽ ንገሪያቸው፤ የመንግሥት ወንበር ከሞቃቸው ይቀመጡበት። ካልሞቃቸው እኔ ዘንድ ሥራ አለ» አሏት።

በመካከላችን አንድ የቡና ዛፍ እንኳን የለም። ተሬዛ ዞር ብላ ሁሉንም ቃል በቃል ደገመችልኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኳት።

«ሰምተዋል» አለቻቸው።

ሆሳዕና ገብተን ሥራውን ያዝኩ። ደመወዙ ከንግድ ቢሮው ያነሰ ነበር፤ ስለሱ ተሬዛ እንዳወራ አትፈቅድም። ማኅበሩ በሕግ ሲቋቋም አባላቱ አማቴ፣ ተሬዛ፣ ወንድሟ ማርቆስና እኔ ሆንን። ማርቆስ ግዢና ማመላለሻውን ያዘ። አማቴ ሰብሳቢ እንዲሆኑ ስንጠይቃቸው «ከማኅተም ጋር ጠብ አለብኝ፤ የሰላም አባት ይሁኑ» አሉ። ሰላም ያኔ ተወልዳ ስለነበር ከ«ባለቤትሽ» ወደ «የሰላም አባት» ከፍ ብዬ ነበር። በወረቀት ሰብሳቢው እኔ ሆንኩ። ድርጅቱ የቆመው ግን በእሳቸው ምላስ ላይ ነው፤ ይህን እኔም ከተማውም እናውቃለን።

እንዴት እንደሚቀምሱ ልንገራችሁ። ገበያ በሚውልበት ቀን ጠዋት በለብታ ውሃ ከመጉመጥመጥ በቀር ምንም አፋቸው አይገባም። ሽንኩርት የከተፈች ሠራተኛ አጠገባቸው አትደርስም። ከሰው ጋር የተጣሉ ዕለትም አይቀምሱም፤ «ዛሬ ምላሴ መራራ ነው» ብለው ሴቶቹን ለነገ ይቀጥራሉ። ቅቤው ሲመጣ ከቅቤው በፊት የተጠቀለለበትን የእንሰት ቅጠል ያሸታሉ። የቆየ ቅቤ በአዲስ ቅጠል ተጠቅልሎ ከመጣ ወዲያው ይነቁበታል። ቀጥለው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ትንሽ ይቆነጥሩና በእጃቸው ጀርባ ላይ ይቀቡታል። መዳፍ ላይ አይቀቡም፤ መዳፍ የነካውን ሁሉ ይሸታል። ይጠብቃሉ። ያሸታሉ። ምላሳቸው ላይ የሚያደርጉት መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ ሴትየዋን ስለ ቅቤው አይጠይቋትም፤ ስለ ላሟ ነው የሚጠይቋት። መቼ ወለደች፣ ምን ትበላለች፣ ማን ያልባታል። ሴትየዋ ላሟን በደንብ ካላወቀች ቅቤው የእሷ አይደለም ማለት ነው፤ ከሌላ ገዝታ ነው ያመጣችው።

እኔ ደግሞ መማር ነበረብኝ። ሰብሳቢ ሆኖ ቅቤ የማያውቅ ሰው ምን ይባላል? ግን እሳቸው የሚቀምሱበት ክፍል ገብቼ መቅመስ አልችልም፤ መቅመስ መብላት ነው፤ በአማት ፊት አይበላም። ስለዚህ መላ ተፈጠረ። በመቅመሻው ክፍልና በመጋዘኑ መካከል የጣውላ በር አለ። አማቴ ከወዲያ በርጩማቸው ላይ፣ እኔ ከወዲህ መጋዘኑ ውስጥ፣ ተሬዛ በሩ ላይ። እሳቸው ቀምሰው ሲያበቁ ከዚያው ቅቤ ቁራጭ በቅጠል ትሰጠኛለች።

«ጭስ ነክቶታል» እላለሁ።

«ጭስ ነክቶታል ይላሉ» ትላለች ተሬዛ።

«የምን እንጨት ጭስ እንደሆነ ጠይቂያቸው።»

«የባሕር ዛፍ።»

«አይደለም፤ የጥድ ነው። ደግመው ይቅመሱ በያቸው።»

ደግሜ እቀምሳለሁ። የጥድ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የተማርኩት እንዲህ ነው። መምህሬን አንድም ቀን አፌን ሞልቼ አላነጋገርኳቸውም፣ ዓይናቸውንም አላየሁም። ግን ከሚሲዮን መምህሮቼ ይልቅ ድምፃቸው ጆሮዬ ውስጥ አለ። እየቆየ ሲሄድ ምላሴ ተስተካከለ፤ አንዳንዴ እንዲያውም ከበሩ ወዲያ ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው «ልክ ነው» ማለት መሆኑን ተሬዛ ነግራኛለች። «ጎበዝ» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ ለማንም።

ከሥራው ሁሉ ከባዱ ማንጠሩ ነው፤ የእሱ ባለቤት ደግሞ ደስታ ነበረች። ደስታ ባሏ የሞተባት፣ በዚህ ሥራ ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። ቅቤ እሳት ላይ ሲሆን በዓይን ብቻ አይታይም፣ ይሰማል። መጀመሪያ ይንጫጫል፤ ውስጡ ያለው ውሃ ነው የሚጮኸው። ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይወርዳል። ያን ጊዜ ካላወረዱት ያራል፤ ቀድመው ካወረዱት ደግሞ ውሃ ይቀርበትና ቶሎ ይበላሻል። ደስታ ድስት ስትጥድ ሰው አያናግራትም። ጎንበስ ብላ ታዳምጣለች፤ ድምፁ ሲወርድ ታወርዳለች፣ በነጭ ጨርቅ ታጠላለች። አማቴ በሥራዋ ገብተው አያውቁም፤ እሱ ከእሳቸው ዘንድ ትልቅ ምስጋና ነው።

በኮሮናው ዓመት ሁላችንም አሳለን። አማቴ ብሶባቸው ከረሙ፤ ሰነባብተው ተነሱ። ወደ በርጩማቸው ሲመለሱ ደስ አለን። ሁሉ ነገር እንደ በፊቱ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። ተሬዛን ቀድማ እንድትቀምስ ያደርጓት ጀመር። «አንቺም ልመጂ፤ እኔ ነገ አልኖርም» አሏት። እኛ ምክንያቱን እርጅና ነው አልን። ተሬዛ ትቀምሳለች፣ እሳቸው ይቀምሳሉ፣ ከዚያ እንደ ወትሮው ለእኔ ይመጣል።

መስከረም ሲቃረብ፣ እንግዲህ የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴና መስቀል ሲደርሱ፣ አገሩ ሁሉ ቅቤ ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ልጅ እናቱ ቤት አታካና ሳይበላ አይመለስም። አታካና ቡላ በወተትና በቅቤ የሚሠራ የበዓል ምግባችን ነው፤ ቅቤው መጥፎ ከሆነ መደበቂያ የለውም። በዚያው ሰሞን ልጃችን ሰላም አዲስ አበባ መውለጃዋ ደርሶ ተሬዛ ልታርሳት ሄደች። ከዊጆ ሴቶቻችን የሚመጣው ቅቤ ደግሞ በዚያ ዓመት አንሶ ነበር። ማርቆስ ከሩቅ አንድ ነጋዴ አፈላልጎ ብዙ ቅቤ አስጫነ።

አማቴ ብቻቸውን ቀመሱት። ከበሩ ወዲያ ረጅም ዝምታ ነበር። ከዚያ «መልካም ነው» አሉ። ደስታ ቁራጩን በቅጠል አመጣችልኝ። ምላሴ ላይ አደረግኩት። ቅቤ አፍ ውስጥ ሲገባ ይሟሟል፤ ይሄ ግን ጥርሴ ላይ ቀረ። ላንቃዬን በጣቴ ብነካው ሰም ይመስላል። የሚረጋው ዘይት ተቀላቅሎበታል። ጥርጣሬ አልነበረኝም፤ እንኳን እኔ፣ የጎረቤት ድመት ታውቀዋለች።

«እማማን ‹ደግመው ይቅመሱ› በያቸው» አልኳት ደስታን።

ሄደች፣ ተመለሰች። «‹ቀምሻለሁ› ብለዋል።»

ከዚህ በላይ በደስታ በኩል መላክ አልቻልኩም። አማትን በሠራተኛ አፍ «ተሳስተዋል» ማለት ስድብ ነው፤ ተናጋሪዋንም ላኪውንም ያዋርዳል። ወደ ማርቆስ ሄድኩ።

«ቅቤው ዘይት አለበት። ለእናትህ ንገራቸው» አልኩት።

«እማዬ ጥሩ ነው ብላለች እኮ፣ ጋሼ።»

«ቅመሰው።»

ቀመሰ። ፊቱ ተለወጠ። ቆሞ መሬት መሬት አየ። «እኔ አልነግራትም» አለ። «ምላስሽ ከድቶሻል ማለት እኮ ሞተሻል ማለት ነው። አንተ ሰብሳቢ ነህ፤ አንተ ንገራት።»

«እኔ አማች ነኝ።»

«እኔ ደግሞ ልጇ ነኝ።»

ተሬዛ ጋ ደወልኩ። ከጀርባዋ የሆስፒታል ጫጫታ ይሰማል። «ሰላም ምጥ ላይ ናት፤ በኋላ እደውላለሁ» ብላ ዘጋችው። መልሳ ስትደውል የልጅ ልጃችን መወለዱን ነገረችኝ፤ የልጁ ወሬ ሌላ ነገር አላስወራንም፤ ቅቤውም ያን ጊዜ ተነጥሮ ጠርሙስ ገብቶ ነበር። ደስታ ድስቱን ካወረደች በኋላ መጥታ «ጋሼ፣ ይሄ ቅቤ ድምፁ ሌላ ነው» ብላኝ ነበር። «እማማ መልካም ነው ካሉ እኔ ምን እላለሁ?» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እንግዲህ ሁላችንም አውቀናል። የማያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ቅቤው ተጫነ።

አዲስ አበባ ብርድ ነው። ጠርሙሶቹ ውስጥ ቅቤው ለሁለት ተከፈለ፤ ከላይ ቢጫ፣ ከታች ነጭ። ስልኩ መጮህ ጀመረ። አንዱ ደንበኛችን ከገጠር ደውሎ እናቱ አታካናውን ቀምሰው እጃቸውን በሣር እንደጠረጉ ነገረኝ፤ ሲናገር እየጮኸ አልነበረም፣ ቢጮኽ በተሻለኝ። ካርቶኖቹ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ እየተጫኑ ወደ እኛ ተመለሱ። መናኸሪያ ልቀበል ስሄድ ተሸካሚው አንዱን ጠርሙስ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አየውና «ጋሼ፣ ሻማ መሥራት ጀመራችሁ እንዴ?» አለኝ። ያ ቀልድ ከእኔ ቀድሞ ከተማ ገባ። ትልቁ ገዢያችን ውሉን አቋረጠ፤ ግማሾቹን ሠራተኞች ለጊዜው ቤታችሁ ተቀመጡ አልናቸው።

አማቴ ጠርሙሱ ቀረበላቸው። በማርቆስ በኩል የመጣው ፍርድ አጭር ነበር፤ «እሳቱ በዝቶበት ነው። ደስታ ደክማለች፤ ትሰናበት።»

ደስታ አልተከራከረችም። ሽርጧን አውልቃ አጠፈችው፣ በመስኮቱ ላይ አስቀመጠችው፣ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ሁላችንንም ታዋርደን ነበር። አልተናገረችም። ማርቆስ «ለጊዜው ነው፣ በኋላ እንመልሳታለን» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ሰውየውን ልመታው ምንም አልቀረኝም። በሆሳዕና ቅቤ አሳረረች ተብላ ከአማቴ ቤት የወጣችን አንጣሪ ማን ይቀጥራል? የዚያች ሴትዮ እንጀራ በአንድ ቃል ሊቆረጥ ነው፤ ያውም ጥፋት በሌለባት ነገር።

ተሬዛ እስክትመጣ ብጠብቅ ደስታ አትጠብቅም። ጠርሙሱንና ማንኪያ ይዤ በጣውላው በር በኩል ገባሁ። በዚያ በር ገብቼ አላውቅም። ሳልኩ፤ አማቴ ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ማርቆስ የለም?» አሉ ለግድግዳው።

«የለም» አልኩ። «ደስታ አላጠፋችም።»

«ተሬዛ ስትመጣ ትነግረኛለች።»

በርጩማ ሳብኩና ከፊታቸው ተቀመጥኩ፤ ጠርሙሱን ከፈትኩ፤ ከታች ካለው ነጩ አንድ ማንኪያ ሙሉ አውጥቼ አፌ ውስጥ ከተትኩት። በአማቴ ፊት አላመጥኩ። ሊውጡት የማይቻል ነገር ነው፤ ጥርሴ ላይ፣ ላንቃዬ ላይ ተለጠፈ፤ ልውጠው ብዬ ሞከርኩ፤ አልወርድ አለኝ። መሐረቤን አውጥቼ ተፋሁት።

ቀና ስል ነጠላው ትከሻቸው ላይ ወርዷል። ፊት ለፊት እያዩኝ ነው። ዓይናቸው የተሬዛ ዓይን መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ረጅም ጊዜ አዩኝ፤ አፌን፣ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን። ከዚያ በእጃቸው መደርደሪያው ላይ ያለ ሌላ ጠርሙስ አመለከቱኝ፤ የድሮው የራሳችን ቅቤ ነው።

«ከዚህኛውም ይቅመሱ።»

ቀመስኩ። ሟሟ። ወረደ።

«ይሄኛው ልክ ነው» አሉ። እኔ ምንም አላልኩም፤ እሳቸውም አልቀመሱትም። «ከታመምኩ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ምላሴም አይለይም። በርበሬና አፈር አንድ ሆነውብኛል። የተሬዛን ፊት እያየሁ ነበር የምፈርደው። ስትቀምስ ቅንድቧን ካየሁ ይበቃኛል። እሷ ሄደች። እርስዎ ደግሞ ከበሩ ጀርባ ነበሩ።»

ተናደድኩ። አሁንም ሳስበው እናደዳለሁ። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«በማን በኩል ልንገርዎት?»

የዊጆ ሴቶችን ሁሉ የሚያዙ፣ ነጋዴ የሚፈራቸው ሴትዮ ለአንድ ሰው እንኳን የሚናገሩበት መንገድ አልነበራቸውም። ለልጃቸው ቢነግሩ የእነዚያን ወራት ፍርድ ሁሉ ብቻዋን ትሸከማለች፤ ለማርቆስ ቢነግሩ ያለቅሳል፤ ለእኔ አይነገርም። ተነስተው መስኮቱ ላይ የተጣጠፈውን ሽርጥ ወሰዱ። ከግቢው ወጡ። ደስታ ከድንጋዩ ላይ ስትነሳ እሳቸው ጎንበስ ብለው ሽርጡን በገዛ እጃቸው ወገቧ ላይ አሰሩላት። ምን እንዳሏት አልሰማሁም፤ ደስታም እስከዛሬ አልነገረችኝም። ብቻ ከመግባቷ በፊት ቆማ ነጠላዋን በአፏ ላይ ይዛ ቆየች።

በሚቀጥለው ገበያ አማቴ ሴቶቹ ሁሉ በተሰለፉበት ቆሙ። በሀዲይኛ ነበር የተናገሩት። «ምላሴ ሞቷል። የተመለሰው ቅቤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የደስታ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ የሚቀምሱት አማቼ ናቸው፣ የማየው እኔ ነኝ» አሉ። ከኋላ አንዷ «ጉድ ነው» ስትል ሰማሁ። ሌሎቹ አፋቸውን ያዙ። እኔ ያ ሁሉ ሴት እያየኝ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፤ አማቴ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፤ የመጀመሪያዋ ሴት ቅጠሏን ፈታች። ቀመስኩ። እሳቸው ፊቴን አዩና ወደ ሴትየዋ ዞረው «ላምሽ መቼ ነው የወለደችው?» አሏት።

እንዲህ ሆነን ሠራን። ቀስ በቀስ ሠራተኞቹን መለስን፤ ገዢው ግን አልተመለሰም፤ ሌላ አገኘን። በከተማው ብዙ ተብሎብናል። አንዳንድ ሽማግሌዎች ልማድ አጠፋችሁ ብለው ሊመክሩን መጥተው ነበር፤ አማቴ በደንብ አስተናግደው ሸኟቸው፤ ምክሩን ግን አልተቀበሉትም። ማርቆስ ለረጅም ጊዜ እኛ ወዳለንበት ክፍል አይገባም ነበር። ስንጭን እኔ ከየድስቱ እቀምሳለሁ፣ አማቴ ያዩኛል፣ ውጬ ስጨርስ ብቻ «ይጫን» ይላሉ። አንዳንዴ ጉንፋን ይዞኝ ስመጣ ገና ከበር ሲያዩኝ «ዛሬ ይመለሱ» ይሉኛል። ፊቴን ከእኔ በላይ ያውቁት ነበር።

በመጨረሻ አልጋ ያዙ። ሕመሙ ሌላ ነበር፤ እሱን መዘርዘር አልፈልግም። ያስቸገረን አለመብላታቸው ነው። ተሬዛ ታበስላለች፣ እሳቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። «ምንም አይጣፍጠኝም፤ ምን አደከመሽ» ይሏታል። ሐኪሙ ካልበሉ መድኃኒቱ እንደማይሠራ ነግሮናል። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ተሬዛ አታካና ሠራች፣ ሁለት ማንኪያ ይዛ መጣችና «ና፣ ግባ» አለችኝ።

ወንበር ስቤ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። አማቴ አዩኝ። ነጠላቸውን ሊስቡ እጃቸው ትንሽ ተነቃነቀ፤ ተወት አደረጉት። አንድ ማንኪያ በላሁ። ቡላው ትኩስ ነው፤ ቅቤው የደስታ ነበር። ሳልቸኩል አላመጥኩ፣ ዋጥኩ። እሳቸው ከዓይኔ ወደ አፌ፣ ከአፌ ወደ ዓይኔ እያዩ ነው።

«እህ» አሉ ቀስ ብለው፣ ለተሬዛም አፋቸውን ከፈቱ። ዋጡ።

እኔ ደገምኩ፤ እሳቸውም ደገሙ። ተሬዛ ማንኪያውን ይዛ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች፤ እያለቀሰች መሆኑን እናውቃለን። ጥቂት ከተበላ በኋላ እጃቸውን አነሱ።

«እኔን በቃኝ» አሉ። «እርስዎ ግን ይጨርሱ። እያየሁዎት ልተኛ።»

ጨረስኩት።